ማሽኑ ወርቅ አያውቅም!

ሰሞኑን እዚህ ቢላ ሦስት ወጣት አንድ ላይ ከተቀመጠ ወሬው የኳስ አይደለም፣ የቡና ዋጋም አይደለም፤ የማሽን ነው። "እነ እገሌ ተዋጥተው ሊገዙ ነው"፣ "ነጆ በኩል በማሽን አውጥተው ባጃጅ ገዙ"፣ "አንቴና ያለው ከመቶ ሜትር ላይ ያሳያል አሉ"። ማሽን የሚሉት ሜታል ዲቴክተር ነው። የቡና ገንዘብ ለእሱ እየተቀመጠ ነው። በሬ ለእሱ እየተሸጠ ነው። ከዘመድ ብድር ለእሱ እየተለመነ ነው። 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ፈተናው ጥቂት ወር ሲቀረው ደብተሩን ጥሎ ከወንዝ ወንዝ ይዞራል።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር፣ የሚቀየም ይቀየም። ማሽን የሚሸጥ ሞልቷል፣ ማሽን የሚያስተምር ግን የለም። ሳያስተምር የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ማሽን ሳይሆን ተስፋ ነው። ተስፋ ደግሞ ሲበላሽ የሚጠገንበት ጋራዥ የለም።

"አንተ አስተማሪ ነህ፣ ስለ ወርቅ ምን አገባህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ይህ ማሽን ደግሞ ከላይ እስከ ታች ፊዚክስ ነው። ተማሪዎቼ "ይሄ ኢንዳክሽን ምን ይጠቅመናል?" ሲሉኝ የኖሩት ነገር ዛሬ የአባታቸውን በሬ እያሸጠ ነው። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ልናገር?

በመጀመሪያ ወደ አንቴናው ልሂድ፣ ምክንያቱም ትልቁ ዘረፋ ያለው እዚያ ነው።

አይታችሁት ይሆናል። የሽጉጥ እጀታ የመሰለ ነገር ላይ ቀጭን ዘንግ ተሰክቷል። ሰውየው ይዞት ይራመዳል፣ ዘንጉ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይዞራል፣ "ያውላችሁ፣ ወርቁ በዚያ በኩል ነው" ይላል። አንዳንዱ ስክሪንና ቁልፍ ተለጥፎበታል፣ "ወርቅ፣ ብር፣ አልማዝ፣ ውኃ" እያለ ያስመርጣል። ከመቶ ሜትር፣ ከአምስት መቶ ሜትር፣ ከኪሎ ሜትር ይፈልጋል ይላሉ። ወገኖቼ፣ እንዲህ የሚሠራ ማሽን በዓለም ላይ የለም። ርካሽም ይሁን ውድ፣ የየትም አገር ስም ይጻፍበት፣ የለም። ዘንጉን የሚያዞረው ወርቅ ሳይሆን የያዘው ሰው እጅ ነው። በጣም ትንሽ የእጅ ዘንበል ማለት፣ ባለቤቱ እንኳ ሳያውቀው፣ ዘንጉን ያዞረዋል።

"ነጮቹ የሠሩት ነገር እንዴት ውሸት ይሆናል?" ለምትሉ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኤዲኢ 651 የሚባል መሣሪያ ነበር። ልክ እንደዚህ እጀታና ዘንግ ያለው፣ ባትሪ እንኳ የሌለው። ቦምብ ከሩቅ ይለያል ተብሎ ለኢራቅ መንግሥት በብዙ ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ባግዳድ ኬላዎች ላይ ወታደሮች ይዘውት ቆሙ። ቦምብ የጫነ መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ዘንጉ ዝም አለ፣ ሰው አለቀ። በኋላ ሲፈታ ውስጡ ባዶ ነበር። "ፈንጂ ይለያል" የተባለው ካርድ በሱቅ ዕቃ ላይ ለሌባ መከላከያ የሚለጠፍ ተራ ነገር ሆኖ ተገኘ። የመሣሪያው መነሻ ደግሞ የጠፋ የጎልፍ ኳስ ይፈልጋል ተብሎ ከ20 ዶላር ባነሰ የሚሸጥ መጫወቻ ነው። ሻጩ ጄምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ አገር 10 ዓመት ተፈረደበት። የአንድ አገር ጦር ጄኔራሎች በዚህ ከተታለሉ፣ የእኛ ገበሬ ቢታለል ምን ይገርማል? የሚገርመው ይህ ሁሉ ሆኖ ያው ዘንግ ዛሬ "ወርቅ ፈላጊ" ተብሎ እኛ ጋ መሸጡ ነው።

ሻጩ ገበያ መሀል ቀለበት መሬት ላይ ጥሎ "ተመልከቱ" ብሎ ሲያሳያችሁ አትገረሙ። ቀለበቱ የት እንዳለ እሱ ያውቃል፣ እጁም ያውቃል። እንዲህ አድርጋችሁ ፈትኑት። አምስት ጣሳ ገልብጣችሁ ደርድሩ። ሻጩም ረዳቱም ከቤት ይውጡ። አንድ ልጅ ቀለበቱን ከአንዱ ጣሳ ሥር ይደብቅና እሱም ይውጣ፣ በፊቱ እንዳያስታውቅ። ከዚያ ሻጩ ይግባና ይፈልግ። ይህን አሥር ጊዜ ድገሙት። ምንም ማሽን ሳይዝ በግምት ብቻ የሚጠቁም ሰው ከአሥሩ ሁለት ያህል ይመታል። ሻጩም ሁለት ሦስት ከመታ የገዛችሁት ግምት ነው ማለት ነው። "ዛሬ ፀሐዩ ከብዷል"፣ "አፈሩ ተበላሽቷል"፣ "የሚጠራጠር ሰው ካለ አይሠራም" ማለት ከጀመረ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት ሂዱ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አሁን ወደ እውነተኛው ማሽን። እውነተኛ ሜታል ዲቴክተር አለ፣ ይሠራል፣ ሰውም በእሱ ወርቅ አግኝቷል። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ ማሽኑ ወርቅ አያውቅም።

እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ። ታች ያለው ክብ ነገር ኮይል ይባላል፣ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። በሽቦው የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔታዊ ኃይል ወደ መሬት ይልካል። ያ ኃይል እየተለዋወጠ ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ በዚያ ነገር ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሽክርክሪቶች ይነሳሉ። ሽክርክሪቶቹ ደግሞ የራሳቸውን ማግኔታዊ ኃይል ይመልሳሉ፤ ማሽኑ ያንን ሰምቶ "ጢጥ" ይላል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው ሕግ ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ መጽሐፋችን ውስጥ አለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ "ወርቅ" የሚል ቃል የለም። ማሽኑ የሚለው "እዚህ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር አለ" ብቻ ነው። ወርቅ ይሁን ቆርኪ፣ ቀለህ ይሁን የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት፣ መልስ ሰጪው አፈሩን የሚቆፍረው ሰው ነው።

ከዚህ አራት ነገር ይወጣል። ጀማሪ እነዚህን ሳያውቅ ቢገዛ ገንዘቡን ጣለ ማለት ነው።

አንደኛ፣ ጥልቀት። የምልክቱ ጉልበት በርቀት ክፉኛ ይወድቃል። ትንሽ ነገር ከኮይሉ ስፋት በላይ ከራቀ በኋላ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ 60 እጥፍ ገደማ ይደክማል። ለዚህ ነው ሳንቲም የሚያህል ነገር በአንድ ሁለት ስንዝር ውስጥ የሚሰማው፣ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ወርቅ ደግሞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ብቻ። "አምስት ሜትር ወደ ታች ያያል" ያላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

ሁለተኛ፣ መጠን። በየወንዛችን በገበቴ የሚታጠበው ወርቅ ብዙውን ጊዜ ደቃቅ ነው። ደቃቁን ማሽን አይሰማውም። ቱሉ ካፒን አስቡ፣ እዚሁ ምዕራብ ወለጋ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነካኩት ቦታ ነው፣ ከዚያ ስንቱ ኩባንያ ስንት ዓመት በቁፋሮ አጠናው። በጥናቱ መሠረት በአንድ ቶን ድንጋይ ውስጥ ያለው ወርቅ በአማካይ 2 ግራም ገደማ ነው። አንድ ቶን ድንጋይ፣ 2 ግራም! ያም በድንጋዩ ውስጥ እንደ ዱቄት የተበተነ። በእንዲህ ያለ ወርቅ ላይ ቆመህ ማሽንህ አንዴም ላይጮህ ይችላል። "ወለጋ ወርቅ ነው" የሚለው እውነት ነው፤ "ስለዚህ ማሽን ያወጣዋል" የሚለው ግን ከዚያ አይከተልም። ማሽን የሚፈልገው እንክብሉን፣ ጠጠር ጠጠሩን ነው፤ እሱ ያለበት ቦታ ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፣ አፈር። "ሱዳን በረሃ ላይ በማሽን ስንቱ ከበረ" ይሉናል። እውነት ነው፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሱዳን ውስጥ ብዙ ሕዝብ ማሽን ይዞ ወጥቷል። ግን የሱዳን በረሃ ባዶ ሜዳ ነው፣ ኮይሉን መሬት አስነክተህ ትሄዳለህ። የእኛ አገር ሣር፣ ቁጥቋጦና የቡና ሥር ነው። ከሁሉ በላይ አፈራችን ቀይ ነው። ቀይ ያደረገው ብረት ነው፤ ብረት የበዛበት አፈር ራሱ ማሽኑን ያስጮኸዋል። ስለዚህ "ግራውንድ ባላንስ" የሚባለው አለ፣ ማሽኑን ከቆምክበት አፈር ጋር ማስማማት። ብዙ ጀማሪ ይህን ቁልፍ ነክቶት አያውቅም። ማሽኑ ሲለፈልፍ ይውላል፣ እሱም "ወርቅ በወርቅ ነው!" እያለ ሲቆፍር ይውላል።

አራተኛ፣ መለየት። ማሽኑ ላይ "ብረት ዝለል፣ ቆርቆሮ ዝለል" የሚል ማስተካከያ አለ። ጀማሪ ደስ ብሎት ሁሉንም ይዘጋል። ችግሩ፣ ትንሽ ወርቅና ብልጭልጭ ወረቀት ለማሽኑ አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው። ቆሻሻውን ስትዘጋ ወርቁንም ዘጋህ። ወርቅ የሚፈልግ ሰው ሚስማሩንም ቆርኪውንም ቆፍሮ ማየት አለበት። መቶ ጉድጓድ ቆፍሮ መቶ ቆሻሻ ለማውጣት ትዕግሥት የሌለው ሰው ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም።

እሺ፣ ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ "እኔ ግን እገዛለሁ" ቢልስ? ቢያንስ ተምሮ ይግዛ። ከተቻለ ከመግዛቱ በፊት የሰው ማሽን ተውሶ ወይም ተከራይቶ ይለማመድ። ልምምዱ እንዲህ ነው።

ወንዝ አትውረድ፣ ከጓሮህ ጀምር። መጀመሪያ ጓሮውን በማሽኑ አጽዳ፣ ያለውን ሚስማር ሁሉ አውጣ። ከዚያ ሚስማር፣ ቆርኪ፣ ሳንቲምና ጎሚስታ ቤት ጎማ ባላንስ የሚያደርጉባትን የእርሳስ ቁራጭ ቅበር። እርሳሷን የምልህ ለማሽኑ ድምፅዋ ወደ ወርቅ የሚጠጋ ስለሆነ ነው፤ በወርቅ መለማመድ አቅም የለንም። አንዱን 5 ሴንቲ ሜትር፣ አንዱን 10፣ አንዱን 15 አድርግ። እያንዳንዱ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ በደብተር ጻፍ። አዎ፣ በደብተር! የጣልከውን ደብተር አንሳው።

ኮይሉን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርገህ፣ መሬቱን ሊነካ ሲል፣ በቀስታ ወዝውዘው። ጀማሪን የሚያስታውቀው እንደ ማጭድ ማወዛወዙ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ግማሹን መሬት ሳይሰማ ያልፋል። ያለፍክበትን ግማሹን ደርበህ እለፍ። ጆሮ ላይ የሚደረገውን ማዳመጫ ተጠቀም፤ ትንሽ ወርቅ አይጮኽም፣ ያንሾካሹካል። ምልክት ስታገኝ ከሌላ አቅጣጫም እለፍበት፣ እንደ መስቀል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ላይ ቆፍር። ቆፍረህ ካላየኸው ያወጣኸውን አፈር ለሁለት ክፈል፣ የሚጮኸውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈል፣ እፍኝ እስኪሆን። ከዚያ ገበቴ ይጨርሰው።

ዶማህን፣ አካፋህን፣ ስልክህን ከኮይሉ አርቅ። ይህን ቀላል ነገር የሳተው ማን መሰላችሁ? ስልክን የፈለሰፈው ግራሃም ቤል ራሱ! እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ጋርፊልድ በጥይት ተመቶ ጥይቷ ጀርባው ውስጥ ቀርታ ሳለ፣ ቤል በራሱ የሠራውን ብረት ፈላጊ ይዞ መጣ። አላገኛትም። እንደ አንድ ምክንያት የሚጠቀሰው ፕሬዝዳንቱ የተኛበት ፍራሽ የብረት ስፕሪንግ የነበረው መሆኑ ነው። ሐኪሙም ጥይቷ አለች ብሎ ያመነበትን ጎን ብቻ ነበር ያስፈተሸው፤ እሷ የነበረችው በሌላው ነው። ትልቅ ሊቅ፣ የሚሠራ ማሽን፣ ግን የተሳሳተ ቦታና ያልጸዳ አካባቢ። የእኛ ልጅ በሳምንት ውስጥ ከቤል ይበልጣል እንዴ?

የት ልፈልግ የሚለውን ደግሞ ማሽን ሻጭ አያውቀውም። የምታውቀው ወንዝ ዳር ዕድሜዋን ሙሉ ገበቴ ስታሽከረክር የኖረችው አዴ ናት። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ በላይ ይከብዳል፣ ተራው ድንጋይ ግን ሦስት እጥፍም አይሞላ። ስለዚህ ወንዙ ሲታጠፍ በውስጠኛው ጎን፣ ታች ከአለቱ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ይቀመጣል። ይህን እሷ መጽሐፍ ሳታነብ ታውቃለች። ሄዳችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋት፣ ቡና ይዛችሁ። ማሽን የያዘ ልጅ እሷን እየናቀ ሲያልፍ ሳይ ያናድደኛል። እሷ ያለ ማሽን ልጆች አሳድጋለች፤ እሱ በማሽን ዕዳ ገብቷል።

አሁን ደግሞ "ዝም ብለህ ታስፈራራለህ" ወደሚሉኝ ነገሮች።

የማዕድን ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አለ። በባህላዊ መንገድ ወርቅ ለማውጣትም በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ከክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማሽን መያዝ ፈቃድ አይሆንም። የሰው ማሳ ላይ ባለማሳውን ሳታስፈቅድ አትግባ። ቆፍረህ የተውከው ጉድጓድ ክረምት ውኃ ይሞላል፤ የሰው ጥጃ ይገባበታል፣ ልጅም ይገባበታል። የቆፈርከውን ድፈን። ይህ ሕግ ሳይሆን ሰውነት ነው።

ሌላው የ"ጣሊያን የቀበረው ወርቅ" ተረት ነው። ካርታ ይዞ የሚዞር ሰው አለ፣ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከመቃብር ሥር፣ ከአሮጌ ግንብ አጠገብ ይላል። ላም አለኝ በሰማይ! ካርታው እውነት ቢሆን ለእናንተ አይሸጠውም ነበር። ጠገራ ብር ወይም ጥንታዊ ዕቃ በድንገት ካገኛችሁ ደግሞ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማሳወቅ ሞኝነት የሚመስለው ካለ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዝ አገር ሆክስን በሚባል መንደር አንድ ጡረተኛ አትክልተኛ የወዳጁን የጠፋ መዶሻ በማሽን ሲፈልግ የሮማ ዘመን ሀብት አገኘ፣ ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ሳንቲም ከወርቅ ጌጥ ጋር። ሁሉንም ቆፍሮ አላወጣም። አቁሞ አሳወቀ፣ ባለሙያ መጥቶ አወጣው። ሽልማቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ ከባለማሳው ጋር ተካፈለ። የእኛ አገር ሕግና አሠራር ከእንግሊዝ እኩል ይከፍላል አላልኩም። የሰውየው ትዕግሥት ግን ለማንም ይሆናል።

የመጨረሻው ከወርቅ ሁሉ ይበልጣል። ማሽኑ ወርቅ እንደማያውቅ ሁሉ ቦምብም አያውቅም። ለሁለቱም እኩል ይጮኻል። ባለፉት ዓመታት እዚህ አካባቢ ምን እንዳለፈ ለወለጋ ሰው አልነግረውም። ተኩስ በነበረበት፣ ምሽግ በነበረበት ቦታ ማሽን ይዛችሁ አትግቡ። ዶማ ከማሳረፋችሁ በፊት አፈሩን በእጅ ቀስ ብላችሁ ግለጡ። ቅርጹ የማታውቁት ብረት ብቅ ካለ አትንኩት፣ አትወርውሩት፣ ፎቶ ላንሳው ብላችሁም አትጠጉ። ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ፣ በመጣችሁበት ዱካ ተመልሳችሁ ለሚመለከተው ንገሩ።

"በማሽን ያገኙ አሉ እኮ!" አዎ፣ አሉ። ያገኘው ባጃጅ ይገዛል፣ ባጃጁ በከተማው ይዞራል፣ ሁሉም ያየዋል። ያላገኘው ግን ምን አለው የሚታይ? ዕዳው አይዞርም፣ ቤቱ ተቀምጦ ያለቅሳል። ስለዚህ የሚታየን አንዱ ወገን ብቻ ነው። ወጣቱን በማኅበር የምታደራጁ፣ ብድር የምታመቻቹ ሰዎች፣ ለማሽን ብድር ከመፍቀዳችሁ በፊት የሁለት ሳምንት ሥልጠና ጠይቁ። የማይጠየቅ ብድር ለወጣቱ ገመድ ነው። ወላጆች፣ በሬ ከመሸጣችሁ በፊት የአምስቱን ጣሳ ፈተና ጠይቁ። ተማሪዎቼ፣ ወርቁ ሚሊዮን ዓመታት እዚያው ነበር፣ ፈተና እስክትጨርሱ አይሄድም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

አንቴና ሻጮች ሆይ፣ ስም አልጠራሁም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በፈለጋችሁት ቅዳሜ ኑ። አምስት ጣሳና አንድ ቀለበት እኔ አቀርባለሁ፣ ዳኛ የሚሆኑ የአገር ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ከአሥር ስምንት ጊዜ ከመታችሁ ይህን ፖስት አጥፍቼ በዚሁ ገጽ ላይ "ማሽናቸው ይሠራል" ብዬ እጽፋለሁ። ካልመጣችሁ ግን ያልመጣችሁበትን ምክንያት ሕዝቡ ራሱ ይገምተዋል።

ማሽን ሊገዛ የተዘጋጀ ወንድም ወይም ዘመድ ያላችሁ ሼር አድርጉለት። መከራከር የምትፈልጉ ኮሜንት ላይ አለሁ፣ በፊዚክስ እንከራከር።